ያረጀ የሪአክተር ጋን፣ ቀዝቃዛ ውሃና ድንገተኛ ግፊት፦ የትኛው መከላከያ ለየትኛው ጣቢያ?

ሙሉ ኃይል ላይ ያለ የግፊት ውሃ ሪአክተር በብረት ጋኑ ውስጥ 15.5 ሜጋፓስካል ግፊትና 290 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሙቀት ይዞ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። ይኸው ጋን ለነዳጅ ቅየራ ቆሞ 50 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ግን የዚያ ግፊት ሲሶ እንኳ ከተፈቀደው ጣሪያ ሊያልፍ ይችላል። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበራል። ለአሥርት ዓመታት ኒውትሮን የደበደበው ብረት፣ በተለይም መዳብና ኒኬል የበዛበት ብየዳ፣ ድሮ በማይሰበርበት ሙቀት መሰበር ይጀምራል። ለሙሉ ኃይል የተሠሩት የደህንነት ቫልቮች የሚከፍቱት 17 ሜጋፓስካል ገደማ ላይ ስለሆነ በቅዝቃዜ ወቅት እንደሌሉ ይቆጠራሉ።

ጉዳዩ የወረቀት ስሌት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ጣቢያዎች እስከ 1970ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አጋማሽ ድረስ ጋኑ ቀዝቅዞ ሳለ ግፊቱ ከጣሪያው ያለፈባቸው ወደ 30 የሚጠጉ ክስተቶች ተመዝግበው ነበር። ለዚህ የተሠራው መከላከያ ከተተከለ በኋላም በኖቬምበር 1981 በፍሎሪዳው ተርኪ ፖይንት 4ኛ ክፍል በሁለት ተከታታይ ቀናት ግፊቱ ጣሪያውን አልፏል። ገደቡ ወደ 2.9 ሜጋፓስካል ሆኖ ሳለ በመጀመሪያው ቀን 7.6፣ በሁለተኛው 5.2 ሜጋፓስካል ደረሰ፤ ሙቀቱ 43 ዲግሪ አካባቢ ነበር። ጋኑ አልተጎዳም። ቫልቮቹ ያልከፈቱበት አንዱ ምክንያት የግፊት መለኪያው ቀጭን ቧንቧ ላይ ያለው መቁረጫ (መስመሩን የሚዘጋ ትንሽ ቫልቭ) ተዘግቶ መቅረቱ ነበር። ወደዚህ በኋላ እንመለሳለን፤ የመሣሪያ ምርጫ ላይ ብቻ የሚከራከሩ ሰዎች የሚረሱት ነገር ነውና።

ቫልቭ ከመምረጥ በፊት መስኮቱን ለኩ

ዋናው ጥያቄ «የትኛው ቫልቭ ይበልጣል?» አይደለም። ከላይ የጋኑ ጣሪያ (የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት)፣ ከታች የፓምፖቹ ወለል (ለመሥራት የሚፈልጉት ዝቅተኛ ግፊት) አለ። በመካከላቸው የቀረው መስኮት ስንት ነው? ጋኑ ባረጀ ቁጥር ጣሪያው ይወርዳል፤ ወለሉ ካለበት አይነቃነቅም።

ጣሪያውን በምሳሌ እናስላው። የጋኑ ውስጣዊ ራዲየስ 2.2 ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 216 ሚሊሜትር ይሁን። በግድግዳው ሩብ ጥልቀት ላይ የብረቱ የመሸጋገሪያ ሙቀት፣ ማለትም ከተሰባሪነት ወደ ተለጣጭነት የሚሻገርበት ማመሳከሪያ፣ 110 ዲግሪ ደርሷል እንበል። የአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ኮድ፣ ክፍል 11 አባሪ ጂ፣ ግድግዳው ሩብ ውፍረቱን ያህል የጠለቀ ስንጥቅ እንዳለበት አድርጎ ያስባል፤ በግፊት ላይም 2 እጥፍ ማስተማመኛ ይጠይቃል። በ50 ዲግሪ የብረቱ ስንጥቅ የመቋቋም አቅም 39 ሜጋፓስካል ሥር ሜትር ገደማ ነው። ብረቱ ከመሸጋገሪያው በ50 ዲግሪ ቢሞቅ ኖሮ 174 ይሆን ነበር። ይህን ልዩነት ያየ ሰው ችግሩን ተረዳ።

ውሃው ሙቀቱን ሳይቀይር ከቆመ የተፈቀደው ግፊት 4.5 ሜጋፓስካል ገደማ ይሆናል። በሰዓት 55 ዲግሪ እያቀዘቀዙ ከሆነ ግን የሙቀት ውጥረቱ አቅሙን ይበላዋል፤ በኮዱ ቀላል ቀመር ጣሪያው ወደ 1.9 ይወርዳል። ፍጥነቱን በሰዓት ወደ 11 ዲግሪ ቢቀንሱት ወደ 4.0 ይመለሳል። (ሲቀዘቅዝ የስንጥቁ ጫፍ ከውሃው ይልቅ ትንሽ ስለሚሞቅ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ጥቂት ይሻላል።) እንግዲህ ከሁሉ ርካሹ «ቫልቭ» ትዕግሥት ነው። ከ90 ዲግሪ በታች ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ ጥቂት ሰዓታት ያስከፍላል፤ ጣሪያውን ግን በእጥፍ ከፍ ያደርጋል።

ከ4.0 ላይ የሚቀነሱ ነገሮች አሉ። የግፊት መለኪያው ያለበት ቦታና የጋኑ ወገብ (ከነዳጁ ትይዩ ያለው ግድግዳ) አንድ ዓይነት ግፊት የላቸውም። ትላልቆቹ የዝውውር ፓምፖች ሁሉ ሲሠሩ ልዩነቱ ወደ 0.5 ሜጋፓስካል ይጠጋል። የአሜሪካ የኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ1993 ለጣቢያዎች ማስታወሻ የላከው ይህን ብዙዎች ሳያስቡት በመቅረታቸው ነው። ለመለኪያ ስህተት 0.2፣ ቫልቩ እስኪከፍት ለሚጨምረው ግፊት 0.5 ቀንሱ፤ የመክፈቻ ግፊቱ ከ2.8 እንዳይበልጥ ሆነ።

ወለሉስ? በአሜሪካው ኩባንያ በዌስቲንግሃውስ ዓይነት ፓምፕ የመጀመሪያው ማሸጊያ ቢያንስ 1.4 ሜጋፓስካል የግፊት ልዩነት ይፈልጋል። የኋላ ግፊቱና የመለኪያ ስህተቱ ሲደመር ፓምፕ ለማስነሳት ወደ 2.2 ይደርሳል። የቀረው 0.6 ሜጋፓስካል ነው። አንድ ፓምፕ ብቻ እንዲሠራ ብትወስኑ ከ0.5ቱ ላይ ከግማሽ በላይ ታስመልሳላችሁ፤ ይህም ገንዘብ የማይጠይቅ ነው።

ውሃው እንዴት ይቆጣል?

ፕሬሸራይዘሩ፣ ማለትም የሥርዓቱን ግፊት የሚጠብቀው ታንክ፣ እስከ አፉ በውሃ ሲሞላ የሚታመቅ ጋዝ የለም። 300 ሜትር ኩብ ውሃ በያዘ ሥርዓት ውስጥ 140 ሊትር ገደማ መጨመር ግፊቱን በ1 ሜጋፓስካል ያነሳዋል፤ የቧንቧው መለጠጥ ትንሽ ያለዝበዋል እንጂ አይለውጠውም። በሰከንድ 7.6 ሊትር የሚገፋ የመሙያ ፓምፕ ይህን በ18 ሰከንድ ያደርሰዋል። በስህተት የተነሳ፣ በሰከንድ 28 ሊትር የሚገፋ የደህንነት መርፌ ፓምፕ (በአደጋ ጊዜ ውሃ የሚያስገባ) 5 ሰከንድ ይበቃዋል። ሙቀትም ያው ነው፦ በ50 ዲግሪ ላይ የውሃው ሙቀት በ1 ዲግሪ ቢጨምር ግፊቱ በ1 ሜጋፓስካል ገደማ ይዘላል። የእንፋሎት ማመንጫው ከጋኑ ሞቆ ሳለ የዝውውር ፓምፕ ማስነሳት የሚያስፈራው በዚህ ነው። የተለመደው ገደብ የ28 ዲግሪ ልዩነት ነው።

በምን እንመዝን?

እያንዳንዱን አማራጭ በስድስት ጥያቄ እንፈትሸው። ከሁለቱ ክፉ ክስተቶች፣ ማለትም ከፓምፕ መርፌ (ፓምፕ ውሃ ሲያስገባ) እና ከሙቀት መግባት፣ የትኛውን ይችላል? አንድ መሣሪያ ቢበላሽ ይተርፋል? ኤሌክትሪክና አየር ቢቋረጥስ? ከፍቶ ሲዘጋ ግፊቱን ከወለሉ በታች ይጥለዋል? ጋኑ ባረጀ ቁጥር የመክፈቻ ግፊቱን ማስተካከል ይቻላል? በስንት የሰው እጅ ላይ ተንጠልጥሏል? በአሜሪካ የቁጥጥር ልማድ ኦፕሬተሩ ችግሩን ካወቀ በኋላ ለ10 ደቂቃ ምንም እንዳላደረገ ተቆጥሮ ነው የሚሰላው። ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ስትሰጡ ይህን አትርሱ።

አማራጭ 1፦ የፕሬሸራይዘሩ ማስተንፈሻ ቫልቮች በዝቅተኛ መክፈቻ

ፒኦአርቪ የሚባሉት ሁለቱ ቫልቮች ለሙሉ ኃይል ቀድሞውኑ ተተክለዋል። ሙቀቱ ሲወርድ በማብሪያ ወደ ዝቅተኛ መክፈቻ፣ በብዛት ከ2.8 እስከ 3.4 ሜጋፓስካል፣ ይዛወራሉ። ትልቁ ጥቅማቸው መክፈቻው ከሙቀቱ ጋር አብሮ ሊወጣና ሊወርድ መቻሉ ነው። ጋኑ ሲያረጅ አዲስ ኩርባ ይሰላል፤ ቧንቧ አይቆረጥም።

ችግሩ ፍጥነት ነው። ቫልቩ ለመክፈት 2 ሰከንድ፣ ምልክቱ ለመድረስ 0.6 ሰከንድ ቢወስድ በሰከንድ 28 ሊትር እየገባ ከ70 ሊትር በላይ ይጨመራል፤ 0.5 ሜጋፓስካል ማለት ነው። ሲዘጋም እንዲሁ ይዘገይና ግፊቱን ወደ ማሸጊያው ወለል ይጥለዋል። ሁለቱን ቫልቮች አንድ ግፊት ላይ አትክፈቷቸው። አንዱን ትንሽ ከፍ አድርጉት፣ አለዚያ አብረው ከፍተው መውደቁን እጥፍ ያደርጉታል።

ሌሎች የሚበላሹባቸው መንገዶች እነሆ። አየር ሲቋረጥ የናይትሮጅን መጠባበቂያ ጠርሙሱ ስንት ጊዜ እንደሚያስከፍት ሳይሰላ ይቀራል። ከቫልቩ በፊት ያለው መዝጊያ ተዘግቶ ይረሳል፤ በየ72 ሰዓቱ መፈተሽ አለበት። ሁለቱም ቫልቮች ከአንድ የባትሪ መስመር ይመገባሉ። የዝውውር ፓምፖቹ በቆሙበት ጊዜ የቀዝቃዛው ቧንቧ ቴርሞሜትር ጋኑ ውስጥ ያለውን ውሃ አይናገርም፤ ቧንቧው ውስጥ የቆመውን ውሃ ነው የሚናገረው። እንደ ተርኪ ፖይንትም የመለኪያው መቁረጫ ሊዘጋ ይችላል። መፍትሔው ከካሊብሬሽን (የመለኪያ ማስተካከያ) በኋላ መቁረጫው መከፈቱን ሁለተኛ ሰው እንዲያረጋግጥ ማድረግ፣ ከዚያም ሥርዓቱን ከማዛወር በፊት የሁለቱን መስመሮች ንባብ ጎን ለጎን ማነጻጸር ነው። ግፊቱ ሲንቀሳቀስ አንዱ ንባብ ካልተንቀሳቀሰ መቁረጫው ተዘግቷል።

ከ1990ው አጠቃላይ ደብዳቤ ቁጥር 90-06 ወዲህ በአሜሪካ ጣቢያው ቀዝቅዞ ሳለ አንዱ ቫልቭ ከአገልግሎት ውጪ ከሆነ 24 ሰዓት ብቻ ይፈቀዳል። የጥገና ዕቅዳችሁ ይህን ካልቻለ ሁለተኛውን አማራጭ ጨምሩ።

አማራጭ 2፦ ባለ ሞላ ቫልቭ በሙቀት ማስወገጃው መምጫ መስመር ላይ

ሪአክተሩ ሲቆም የሚቀረውን ሙቀት የሚያወጣው ሥርዓት የራሱ ቧንቧ እንዳይፈነዳ መምጫው ላይ ባለ ሞላ ቫልቭ አለው። በብዙ ባለ አራት ቀለበት (አራት የውሃ ዝውውር መስመር ያላቸው) የዌስቲንግሃውስ ጣቢያዎች መክፈቻው 3.1 ሜጋፓስካል፣ አቅሙ በሰከንድ 57 ሊትር ገደማ ነው። ኤሌክትሪክ፣ አየርም ሆነ ኮምፒውተር አይፈልግም። በአቡ ዳቢ ባራካ የተተከሉት የኮሪያ ኤፒአር1400 ሪአክተሮችም በቅዝቃዜ ወቅት የሚታመኑት በዚህ ዓይነት ቫልቭ ነው። አዲስ ጋን ላለው ጣቢያ ከዚህ የሚሻል የለም ብለን እናምናለን።

ላረጀ ጋን ግን ስሌቱ ይጠብባል። ሙሉ ፍሰት ለማስተላለፍ ቫልቩ 10 በመቶ ተጨማሪ ግፊት ይፈልጋል፤ 3.1 ያለው 3.4 ሆነ። ለጋኑ ወገብ 0.5 ጨምሩበት፤ 3.9 ደረስን። በምሳሌያችን ጣሪያው 4.0 ነበር። የሞላው የመክፈቻ ስህተት 3 በመቶ ቢሆን ትርፍ አልቀረም። መክፈቻውን ለመቀነስ ሞላ መቀየርና እንደገና መፈተን ያስፈልጋል፤ ከሙቀቱ ጋር አብሮ መውጣትም አይችልም።

ሌላው ወጥመድ ራሱ መዝጊያው ነው። በድሮ ንድፍ ግፊቱ ሲጨምር የመምጫው ሞተር ቫልቮች በራሳቸው ይዘጋሉ። በተፈለገበት ሰዓት መከላከያውን ይቆርጣሉ፣ የሙቀት ማስወገጃውንም ያቆማሉ። ብዙ የአሜሪካ ጣቢያዎች ይህን በራሱ የመዝጋት ምልክት በማስጠንቀቂያ ደወል ተክተውታል። እናንተ ካላነሳችሁት ቫልቩን እንደ መከላከያ አትቁጠሩት።

አማራጭ 3፦ የጋዝ ትራስ

ሌላው የአሜሪካ አምራች ባብኮክ ኤንድ ዊልኮክስ የነደፋቸው ጣቢያዎች ፕሬሸራይዘሩን በውሃ አይሞሉትም፤ የእንፋሎት ወይም የናይትሮጅን ትራስ ይተዉበታል። ትራሱ 20 ሜትር ኩብ፣ ግፊቱ 2 ሜጋፓስካል ቢሆን የመሙያ ፓምፑ ለ10 ደቂቃ ቢሠራ 4.5 ሜትር ኩብ ያስገባል፤ ግፊቱ ወደ 2.6 ብቻ ይወጣል። ኦፕሬተሩ ጊዜ አለው። የደህንነት መርፌ ፓምፑ ግን በዚያው 10 ደቂቃ ወደ 17 ሜትር ኩብ ያስገባና ከ12 ሜጋፓስካል በላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ ትራስ ያለ ፓምፕ መቆለፊያ ትርጉም የለውም። ናይትሮጅን ውሃው ውስጥ ይሟሟል፤ በኋላ ጋዙን ማስወጣት ሰዓታት ይፈጃል።

አማራጭ 4፦ ክፍት ቀዳዳ

ግፊቱ ከወረደ በኋላ አንድ ማስተንፈሻ ቫልቭ ክፍት አድርጎ መቆለፍ ወይም የደህንነት ቫልቭ ነቅሎ መተው ነው። በአሜሪካ መደበኛ ዝርዝር የተለመደው ስፋት 13.4 ካሬ ሴንቲሜትር፣ ማለትም 41 ሚሊሜትር ዲያሜትር ነው። የማይበላሽ መከላከያ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ቆሻሻ እንዳይገባ ተብሎ በቀዳዳው ላይ የሚታሰረው ፕላስቲክ ወይም የብረት ክዳን ራሱ መከላከያውን ይሰርዘዋል። ሽፋኑ አየር የሚያሳልፍ ወንፊት ይሁን። ጣቢያው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ በመንገድ ላይ ግን አያገለግልም።

አማራጭ 5፦ ምንጩን መቆለፍ

«ጋን በጠጠር ይደገፋል» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ከላይ ያሉት ሁሉ የሚሰሉት አንድ የመሙያ ፓምፕ ብቻ እንደሚሠራ፣ የደህንነት መርፌ ፓምፖቹ እንደተቆለፉ፣ አኩሙሌተሮቹም (በጋዝ ግፊት ውሃ የሚገፉት ታንኮች) እንደተዘጉ ታሳቢ ተደርጎ ነው። የፓምፑን ብሬከር (የኤሌክትሪክ ማቋረጫ) ከቤቱ አውጡ ወይም ፊውዙን ንቀሉ፤ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ተጠቀሙ፤ በየ12 ሰዓቱ አረጋግጡ። ከአንዱ የመሙያ ፓምፕ ወደ ሌላው ሲዛወሩ ሁለቱም አብረው የሚገኙበት ጊዜ ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ። ጉድለቱ ይህ ነው፦ ነዳጁ ውሃ ቢያጥረው እነዚያው ፓምፖች ይፈለጋሉ። ስለዚህ ብሬከሩ በስንት ደቂቃ ተመልሶ እንደሚገባ ተለክቶ መጻፍ አለበት።

አማራጭ 6፦ ጋኑን ራሱን ማዳን

ያገለገለ ነዳጅ በሪአክተሩ እምብርት ዳር ማስቀመጥ ወደ ግድግዳው የሚሄደውን ኒውትሮን ይቀንሳል። የፊንላንዱ ሎቪሳ በ1980 በዳሩ 36 የብረት ማገጃ አስቀምጧል። ይህ ያለፈውን ጉዳት አይመልስም፤ የወደፊቱን ያዘገያል እንጂ። ጉዳቱ ከኒውትሮኑ ጋር እኩል አይሄድም። በአሜሪካው መመሪያ 1.99 ቀመር ጋኑ የተቀበለው ኒውትሮን በካሬ ሴንቲሜትር ከ10 ኩንቲሊዮን ወደ 30 ኩንቲሊዮን በሦስት እጥፍ ሲያድግ የመሸጋገሪያው ጭማሪ በ29 በመቶ ያህል ብቻ ያድጋል። ዘግይቶ የሚጀመር ቁጠባ ትንሽ የሚመልሰው ለዚህ ነው።

ጉዳቱን የሚመልሰው ማሞቅ ነው፦ ነዳጁና ውሃው ወጥቶ የብየዳው ቀበቶ በብዛት በ475 ዲግሪ ገደማ ለ100 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ኖቮቮሮኔዥ 3 በ1987፣ ሎቪሳ 1 በ1996፣ የአርመኑ መትሳሞር በ2021 ተደርጎላቸዋል። ሁሉም የሩሲያ ንድፍ ናቸው። በአሜሪካ የንግድ ጣቢያ ላይ አልተሠራም።

| አማራጭ | የፓምፕ መርፌ | የሙቀት መግባት | ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ | ከእርጅና ጋር ማስተካከል | ዋናው ድክመት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| 1. ማስተንፈሻ ቫልቭ | ይችላል፣ ከግፊት ዝላይ ጋር | ይችላል | ባትሪና ናይትሮጅን ይሻል | ቀላል | መለኪያ፣ መዝጊያ፣ የማሸጊያ ወለል | መካከለኛ |
| 2. ባለ ሞላ ቫልቭ | በደንብ | በደንብ | አይነካውም | ከባድ | በራሱ የሚዘጋ መምጫ | ካለ ዝቅተኛ |
| 3. የጋዝ ትራስ | መሙያ ፓምፕ ብቻ | በከፊል | አይነካውም | አያስፈልግም | በኦፕሬተር ላይ መተማመን | ዝቅተኛ |
| 4. ክፍት ቀዳዳ | በስፋቱ ልክ | ይችላል | አይነካውም | አያስፈልግም | ቆሞ ሳለ ብቻ፤ ክዳን | ዝቅተኛ |
| 5. ምንጭ መቆለፍ | ምንጩን ያነሳል | የፓምፕ ማስነሻ ገደብ ብቻ | አይነካውም | አያስፈልግም | የሰው ስህተት | በጣም ዝቅተኛ |
| 6. ጋኑን ማዳን | አይመለከተውም | አይመለከተውም | አይመለከተውም | ጣሪያውን ራሱ ይጠብቃል | ጊዜና ፈቃድ | ማሞቂያ እጅግ ከፍተኛ |

ለማን የቱ?

መስኮታችሁ ከ1 ሜጋፓስካል በላይ ከሆነና የመምጫው በራሱ መዝጊያ ከተነሳ ባለ ሞላውን ዋና፣ ማስተንፈሻውን መጠባበቂያ አድርጉ። ብዙ ጣቢያ እዚህ ይመደባል፤ ገንዘቡንም በሌላ ነገር ላይ ቢያውል ይሻላል።

መስኮቱ በ0.5 እና በ1 መካከል ከሆነ ከሙቀት ጋር የሚቀያየር መክፈቻ ያለው ማስተንፈሻ ያስፈልጋችኋል። ከዚያ በፊት ግን ነፃዎቹን ውሰዱ፦ ከ90 ዲግሪ በታች በሰዓት 11 ዲግሪ ማቀዝቀዝ፣ አንድ የዝውውር ፓምፕ ብቻ ማሠራት። በጀቱ የሚበቃው ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ አዲስ ቫልቭ አትግዙ። የመክፈቻ ጊዜውን የሚያሳጥር አየር ሰጪና ትክክለኛ የግፊት መለኪያ ግዙ፤ ከ2 ሰከንድ ወደ 1 ማውረድ 0.2 ሜጋፓስካል ያስመልሳል።

ከ0.5 በታች ለሆነ ስሌቱን እንደገና ክፈቱ። አሮጌ ኩርባዎች የተሠሩት ብረቱ የሚሮጥ ስንጥቅን ለማቆም ባለው ዝቅተኛ አቅም ነበር፤ አሁን ግን ስንጥቅ እንዳይጀምር ባለው ከፍተኛ አቅም ይሰላል። በምሳሌያችን በዚያ ቢሰላ የቋሚው ጣሪያ 3.7 ሲሆን በአሁኑ 4.5 ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኮዱ በአሮጌው ስሌት ጣሪያውን በ10 በመቶ ማለፍን ይፈቅዳል፤ አዲሱን አቅም የተጠቀመ ግን 100 በመቶ ላይ ይቆማል። ሁለቱን ደርቦ መውሰድ አይቻልም፤ ተቆጣጣሪው መጀመሪያ የሚፈልገውም ይህን ስህተት ነው። ደግሞም ከ4.3 ሜጋፓስካል በላይ የክዳኑ ዙሪያ የራሱ የሙቀት ገደብ አለው፤ የወገቡ ጣሪያ ቢወጣም እዚያ ያዙ።

መከላከያው ከየትኛው ሙቀት በታች እንደሚጀምርም ገንዘብ ነው። በኮሚሽኑ አሮጌ መመሪያ ከመሸጋገሪያው 50 ዲግሪ በላይ፣ በኮዱ አማራጭ ደግሞ 28 ዲግሪ በላይ ወይም 93 ዲግሪ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነው። ለ110 ዲግሪ ጋን 160 እና 138 ማለት ነው። በዚህ የ22 ዲግሪ ልዩነት ውስጥ የደህንነት መርፌ ፓምፖቻችሁ ተቆልፈው ይቆያሉ ወይም ነፃ ይሆናሉ።

የመክፈቻ ኩርባው ላይ የተጻፈውን የዕድሜ ገደብ፣ ማለትም በሙሉ ኃይል ዓመታት የሚቆጠረውን፣ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ቅጂ ላይ በግልጽ አስፍሩት። ከጋኑ ውስጥ የናሙና ብረት ወጥቶ በተፈተነ ቁጥርም ውጤቱ ኩርባውን ለሚያሰላው ሰው ይድረስ እንጂ ፋይል ውስጥ አይቅር።